የተሸጠ ዕቃ መልሶ የሚቀበለው ነጋዴ

ዕቃ ለመግዛት ወደ ሱቅ ጎራ ያለ ሰው ከባንኮኒው በላይ አንዲት አጭር ማስታወቂያ ተለጥፋ ማየቱ የተለመደ ነው። የተሸጠ ዕቃ እንደማይመለስ ታስታውቃለች። ማስታወቂያዋ አጭር ትሁን እንጂ በውስጧ ያለው ነገር ብዙ ነው። ሻጩ ገዢውን አያምነውም፤ ገዢውም ሻጩን እንዳያምን በዚያው ተነግሮታል ማለት ነው። ጨርቁ በቀን ብርሃን ሲታይ ቀለሙ ሌላ ሆኖ ቢገኝ፣ ከመሐሉ ብል የበላው ቢወጣ፣ ኪሳራው የገዢው ብቻ ይሆናል።

የዛሬው ጽሑፋችን ይህን ልማድ ገልብጦ ሀብታም ስለሆነ፣ ኋላም ጨርቁን ትቶ ወደ መሬትና ሕንፃ ስለዞረ፣ በእሳት ሀብቱን አጥቶ ዳግም ስለቆመ አንድ አሜሪካዊ ነጋዴ ነው። ሰውዬው ፖተር ፓልመር ይባላል። ከሞተ ከመቶ ዓመት በላይ ቢሆነውም ስሙ በቺካጎ ከተማ እስከ ዛሬ ይጠራል። የሕይወቱን ታሪክ የምናነሳው በሀብቱ ለመደነቅ አይደለም። የሰው ሀብት በምን ላይ እንደሚቆምና ከሀብቱ ምኑ ኋላ እንደሚቀር ለመመልከት ነው እንጂ።

ከገጠር ሱቅ እስከ ሌክ ጎዳና

ፖተር ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1826 በኒው ዮርክ ግዛት በአልባኒ አውራጃ ተወለደ። ወላጆቹ ኩዌከርስ በመባል የሚታወቀው የክርስትና ወገን ተከታዮች ነበሩ። ይህ ወገን በአለባበስ ቁጥብነትን፣ በንግግር እውነተኛነትን፣ በንግድም አንድ ዋጋ ተናግሮ በዚያው መጽናትን የሚያስተምር ነበር። እንግዲህ ሐርና ዳንቴል ከማይለበስበት ቤት የወጣው ልጅ ኋላ በሐርና በዳንቴል ሽያጭ ሚሊየነር መሆኑ የሚያስገርም ነው። ይሁንና ከወላጆቹ ቤት ይዞት የወጣው አንድ ነገር ነበር። እርሱም ለገዢ እውነቱን መናገር በረጅሙ ሲታይ ኪሳራ አለመሆኑን ነው።

ገና በወጣትነቱ በአንዲት ትንሽ ከተማ ሱቅ ተቀጥሮ ሥራ ጀመረ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በዚያው ግዛት በኦናይዳ፣ ከዚያም በሎክፖርት የራሱን የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ከፈተ። ሱቆቹ አልከሰሩም። ግን ከተሞቹ ትንንሾች ነበሩ። እርሱ ደግሞ ዐይኑ የነበረው ወደ ምዕራብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1852፣ በ26 ዓመቱ፣ ያለውን ሸክፎ ወደ ቺካጎ ሄደ።

የዚያን ጊዜዋ ቺካጎ የዛሬዋ አልነበረችም። በ1850 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በተደረገው ቆጠራ ነዋሪዎቿ 30 ሺህ ገደማ ብቻ ነበሩ። መንገዶቿ ጭቃ ሲሆኑ በዝናብ ጊዜ ጋሪ ይውጡ ነበር። ነገር ግን በ1848 ታላቁን የሚሺጋን ሐይቅ ከሚሲሲፒ ወንዝ ተፋሰስ ጋር የሚያገናኝ ቦይ ተከፍቶላት ነበር። የባቡር ሐዲዷም በዚያው ዓመት መዘርጋት ጀመረ። የሰፊው ሜዳ እህል፣ ከብትና እንጨት ሁሉ በእርሷ በኩል ማለፍ ጀመረ። እህሉን ሸጦ ገንዘብ የያዘ ገበሬም ሆነ ከተማ ገብቶ ያለፈለት ነጋዴ ሚስት፣ እናትና ሴት ልጅ አለው። ፓልመር ያየው ይህንን ነው። ሌሎቹ እህሉን ሲያዩ እርሱ እህሉ የሚገዛውን ልብስ አየ።

ገዢዋን ማመን

በወንዙ አጠገብ በሚያልፈው በሌክ ጎዳና ላይ ፒ. ፓልመርና ኩባንያው የተባለውን ሱቅ ከፈተ። በዘመኑ ልማድ ነጋዴ ዋጋ የሚናገረው የገዢውን ፊት አይቶ ነበር። በተለይም ባሏን ወይም ወንድሟን ሳታስከትል ብቻዋን ወደ ሱቅ የገባች ሴት እንደ ቀላል ሲሳይ ትቆጠር ነበር። ሱቆቹም ጨለማ፣ ዕቃው በጣቃ ተጠቅልሎ ከመደርደሪያ ላይ የተከመረ፣ ሻጮቹ ሳይገዙ መውጣትን እንደ ስድብ የሚቆጥሩ ነበሩ።

ፓልመር ይህን ሁሉ ለወጠው። ዕቃውን ከመደርደሪያ አውርዶ በመስታወት መስኮት አጠገብ ዘረጋው። ሴቶች ገብተው እንዲያዩ፣ እንዲዳስሱና ሳይገዙም ቢሆን በክብር እንዲወጡ አደረገ። ደንበኞች ዕቃውን ቤታቸው ወስደው እንዲመለከቱት ፈቀደ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ያልወደዱትን ዕቃ መልሰው ገንዘባቸውን እንዲወስዱ፣ ወይም በሌላ እንዲለውጡ አደረገ። ለምን መለስሽ ብሎ የሚያፋጥጥም አልነበረም። ተፎካካሪ ነጋዴዎች ሰውየው በቅርቡ መክሰሩ ነው ብለው ቢያስቡ አይፈረድባቸውም።

ነገሩ ሲመረመር ግን ሞኝነት አልነበረም። ዕቃ ይመለሳል የሚል ነጋዴ መጥፎ ዕቃ ማስገባት አይችልም። መጥፎው ሁሉ ዞሮ እርሱ ጋር ይመጣበታልና። ስለዚህ ከአምራቹ ሲገዛ ተጠንቅቆ ይገዛል። ሁለተኛ፣ የምትገዛው ሴት እንደማትያዝ ስታውቅ እያመነታች የምታሳልፈውን ዕቃ ደፍራ ትወስዳለች። ከወሰዱትም ውስጥ የሚመልሱት ጥቂቶቹ ናቸው። ሦስተኛ፣ ገንዘቧን ሳትጨቃጨቅ የተቀበለች ሴት ያንን ለጎረቤቷ ሳትናገር አታድርም። ይህ ደግሞ በጋዜጣ ከሚወጣ ማስታወቂያ ሁሉ ይበልጣል። በአጭሩ ፓልመር ጨርቅ ብቻ ሳይሆን መተማመንንም ይሸጥ ነበር፤ ከጨርቁ ይልቅ ያተረፈውም በመተማመኑ ነው።

ይሁን እንጂ የሀብቱ ምንጭ ይህ ብቻ ነበር ብንል ታሪኩን አድልተን መናገር ይሆንብናል። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት እየተቃረበ ሲመጣ ፓልመር የጥጥና የሱፍ ጨርቅ እየገዛ አከማቸ። እ.ኤ.አ. በ1861 ጦርነቱ ሲፈነዳ ጥጥ አብቃዩ ደቡብ ከሰሜኑ ተቆረጠ። የጨርቅ ዋጋም ሰማይ ነካ። በመጋዘን የተከማቸው ሁሉ ወደ ወርቅ ተለወጠ ማለት ይቻላል። ሕጉ አልከለከለውም። ዘመኑም አርቆ አሳቢ ብሎ አመሰገነው። ሆኖም በእናቶች ለቅሶ ጊዜ የተገኘ ትርፍ ሲመሰገን ዝም ብሎ ማለፍ ለአንባቢ ኅሊና ይከብዳል። ያው ገዢዋን የሚያከብር ነጋዴ የሕዝብ ችግርን ቀድሞ ያየና ያተረፈበት ሰውም ነበር። ሰው አንድ ወጥ አይደለም።

ጨርቁን ትቶ ወደ መሬት

በ1865 ጦርነቱ ሲያበቃ ፓልመር ገና 39 ዓመት አልሞላውም። ገንዘብ ግን ሞልቶታል፤ ጤናው ተጓድሏል። ሐኪሞቹ እንዲያርፍ መከሩት። እርሱም ማርሻል ፊልድና ሌቪ ላይተር የተባሉ ሁለት ወጣት ነጋዴዎችን በሽርክና አስገብቶ፣ ከራሱ ካፒታል ትቶላቸው፣ ወደ አውሮፓ ሄደ። በ1867 ድርሻውን አውጥቶ ከጨርቅ ንግድ ጨርሶ ወጣ። ማርሻል ፊልድ የፓልመርን ደንብ እንዳለ ተቀብሎ በዓለም ከታወቁት መደብሮች አንዱን የሠራበት ሲሆን፣ በእርሱ ሥር ያደገው ሃሪ ጎርደን ሰልፍሪጅም ይህንኑ አሠራር ይዞ በ1909 ለንደን ላይ መደብሩን ከፍቷል። ዛሬ በብዙ አገር ዕቃ በደረሰኝ መመለስ ተራ ነገር ሲሆን፣ ልማዱን ካስፋፉት ቀደምት ነጋዴዎች አንዱ ፓልመር ነው።

ፓልመር አረፈ እንጂ አልተኛም። የቺካጎ ዋና የገበያ ጎዳና የነበረው ሌክ ጎዳና ከወንዙ ጋር ተጣብቆ የሚሄድ፣ በጭነትና በክርፋት የተጨናነቀ፣ ሊሰፋም የማይችል ነበር። ፓልመር ዐይኑን ወደ ስቴት ጎዳና አዞረ። ስቴት ጎዳና በወቅቱ ጠባብ፣ ጭቃ፣ በደሳሳ ቤቶች የተሞላ ነበርና መሬቱ ርካሽ ነበር። ፓልመር በጎዳናው ግራና ቀኝ በድምሩ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን የፊት ለፊት ቦታ ገዛ። ከዚያም የከተማውን ምክር ቤት አሳምኖ ጎዳናው እንዲሰፋ አስወሰነ። የራሱን ሕንፃዎችም ወደ ኋላ አስገብቶ በመሥራት መሬቱን ለመንገዱ ለቀቀ። አንዳንድ ባለይዞታዎች እምቢ በማለታቸው የጎዳናው ጠርዝ ለጊዜው የተበላሸ ጥርስ መስሎ ቆየ።

በዚህ ላይ አንድ ብልሃት ጨመረበት። ጎዳና በራሱ ገበያ አይሆንም፤ ገበያ የሚሆነው ትልቅ ነጋዴ ሲገባበት ነው። ስለዚህ በስቴትና በዋሽንግተን ጎዳናዎች ማዕዘን ላይ በነጭ እብነ በረድ ያማረ ትልቅ ሕንፃ አሠርቶ በ1868 የቀድሞ ሸሪኮቹን ፊልድንና ላይተርን በዓመት 50 ሺህ ዶላር ኪራይ አስገባቸው። በዚያ ዘመን ይህ እጅግ የተጋነነ ኪራይ ነበር። እነርሱ ሲሄዱ ገዢዎቻቸው ተከተሏቸው። ገዢ ሲሄድ ሌሎች ነጋዴዎች ተከተሉ። ነጋዴዎች ሲከተሉ የመሬቱ ዋጋ ዘለለ። አብዛኛው መሬት ደግሞ የፓልመር ነው። የጨርቅ ነጋዴው የከተማዋን መሐል እንደ ጣቃ ጨርቅ ጎትቶ ወደ ራሱ ባንኮኒ አመጣው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሥራ በአድናቆት ይተርካሉ። እውነትም ከተማዋ ሰፊና የተዋበ ጎዳና አግኝታለች። ነገር ግን በእነዚያ ደሳሳ ቤቶች ተከራይተው ይኖሩ ስለነበሩት ሰዎች የተጻፈው ጥቂት ነው። የመሬት ዋጋ ሲዘል ባለመሬቱ ይዘላል፤ ተከራዩ ግን ጓዙን ይሸክማል። ይህ በቺካጎ ብቻ የታየ አይደለም።

እሳቱ

በ1870 ፓልመር በ44 ዓመቱ የ21 ዓመቷን ወጣት በርታ ኦኖሬን አገባ። አባቷም በመሬት ንግድ የታወቀ ሰው ነበር። ለሙሽራይቱ የጋብቻ ስጦታ በስቴት ጎዳና ላይ ያሠራውን ታላቁን ፓልመር ሐውስ ሆቴል ሰጣት። ሆቴሉ በመስከረም 1871 እ.ኤ.አ. ተከፈተ። ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላውም።

በጥቅምት 8 ቀን 1871 ሌሊት በከተማዋ ምዕራብ የተነሣው እሳት በደረቅ ንፋስ እየተነዳ፣ የእንጨት ቤቶችን፣ የእንጨት የእግረኛ መንገዶችን ሳይቀር እየበላ ወንዙን ተሻገረ። ሲጠፋ 300 ያህል ሰዎች ሞተው፣ ከ17 ሺህ በላይ ሕንፃዎች ወድመው፣ 100 ሺህ ገደማ ሕዝብ፣ ማለትም ከነዋሪው ሲሶው፣ ያለ መጠለያ ቀርቶ ነበር። የእብነ በረዱ መደብር ዐመድ ሆነ። አዲሱ ሆቴል በተከፈተ በ13ኛው ቀን ዐመድ ሆነ። በስቴት ጎዳና ላይ ከነበሩት የፓልመር ሕንፃዎች ጋር ኪራያቸውም ተቃጠለ። ኢንሹራንስ የሸጡ ብዙ ኩባንያዎች ራሳቸው ከስረው መክፈል አልቻሉም።

የ45 ዓመቱ ፓልመር ያለውን ለቃቅሞ ወደ ሌላ ቦታ ቢሄድ ማንም አይወቅሰውም ነበር። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚሉት ወጣቷ ባለቤቱ ከተማዋን ጥሎ መሄድ ተገቢ እንዳልሆነ አሳስባ አበረታችው። እርሱም ቆየ። ባዶ የቀረውን የመደብሩን ቦታ የስፌት መኪና ለሚያመርተው ለሲንገር ኩባንያ በ350 ሺህ ዶላር ሸጠ። ከኮነቲከት የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያ ደግሞ 1.7 ሚሊዮን ዶላር ተበደረ። በዚያ ዘመን ለአንድ ግለሰብ የተሰጠ ታላቅ ብድር ነበር። እንደሚተረከው ከስሙና ከፊርማው በቀር ብዙ ዋስትና አልተጠየቀም።

ውድ አንባቢያን፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ሕንፃው የለም፤ ኪራይ የለም፤ ከተማው ራሱ ጢስ ነው። አበዳሪዎቹ ምኑን አይተው ሰጡት? መሬቱ አለ እንዳንል በተቃጠለ ከተማ ውስጥ ያለ ባዶ መሬት ዋጋው ምን እንደሚሆን በዚያን ሰዓት ማንም አያውቅም። ያዩት ለዓመታት ዕቃ ሲመለስለት ገንዘብ የመለሰውን ሰው ነው። በሌክ ጎዳና ባንኮኒ ላይ በጥቂት ዶላር፣ በአንዲት ጥንድ ጓንት፣ በአንዲት ሻል የተከማቸው አማና እሳት ያልደረሰበት ብቸኛው ንብረቱ ነበር። እብነ በረድ ይቃጠላል፤ ስም ግን ባለቤቱ ራሱ ካላቃጠለው አይቃጠልም።

ሌላም የሚነገር ነገር አለ። የሆቴሉ መሐንዲስ ጆን ቫን ኦስደል እሳቱ ሲቃረብ የሕንፃ ፕላኖቹንና መዝገቦቹን በሆቴሉ ምድር ቤት ጉድጓድ አስቆፍሮ በአሸዋና በእርጥብ ሸክላ ቀበራቸው። እሳቱ ካለፈ በኋላ ሲቆፈር ወረቀቱ ደህና ሆኖ ተገኘ። ሸክላ እሳትን የመከላከል ኃይሉ በዚያ ስለታየ አዲሱ ሆቴል ሲሠራ ብረቱና ጡቡ በሸክላ ተጠብቆ ተገነባ። ሥራው ቀን ብቻ አልበቃ ብሎት ሌሊት በኖራ መብራት እየተሠራ በ1873 በሩን ከፈተ፤ በ1875ም ተጠናቀቀ። በጸጉር ማስተካከያ ክፍሉ ወለል ላይ የብር ዶላሮች ተተክለው እንደነበር ይታወቃል። መልሶ የቆመ ሰው የኩራት ምልክት ይሆናል። ገንዘብን ከእግር በታች ማንጠፍ ግን ምን ያህል ኩራት፣ ምን ያህል ከንቱነት እንደሆነ ፍርዱን ለአንባቢ እንተወዋለን።

እጀታ የሌለው በር

ፓልመር በስቴት ጎዳና የሠራውን በሐይቁ ዳርም ደገመው። በዚያን ጊዜ የቺካጎ ባለጸጎች መኖሪያ ከመሐል ከተማው በስተደቡብ ነበር። በስተሰሜን ያለው የሐይቅ ዳር ረግረግና የአሸዋ ክምር ስለነበረ የሚፈልገው አልነበረም። ፓልመር ሰፊ ቦታ ገዝቶ ከሐይቁ በወጣ አሸዋ አስሞላው። ከ1882 ጀምሮም በመሐሉ የመካከለኛው ዘመን ምሽግ የሚመስል ግዙፍ ቤተ መንግሥት ለራሱ አሠራ። ለሥራው 90 ሺህ ዶላር ታስቦ ሳለ ወጪው ከአንድ ሚሊዮን በለጠ። ሌሎች ባለጸጎች ተከትለውት ሲሰፍሩ በዙሪያው የነበረው መሬቱ እጥፍ ድርብ ዋጋ አወጣ። አካባቢው ዛሬም በከተማዋ በጣም ውድ ከሆኑት ሰፈሮች አንዱ ነው።

የዚህ ቤት በሮች በውጭ በኩል እጀታ እንዳልነበራቸው ይነገራል። ከውስጥ ካልተከፈተ በቀር ማንም፣ ባለቤቱም ቢሆን፣ ከውጭ ከፍቶ ሊገባ አይችልም። ይህን ስናነብ የሌክ ጎዳናው ሱቅ ትዝ ይለናል። ማንም ሴት ገብታ አይታ፣ ሳትገዛም በክብር እንድትወጣ በሩን የከፈተው ሰው፣ በስተርጅናው ከውጭ የማይከፈት በር አሠራ። በሀብት ላይ ሀብት ሲጨመር በሮች እየጠበቡ መምጣታቸው የቆየ ነገር ነው።

በ1893 ቺካጎ ታላቁን የዓለም ኤግዚቢሽን ስታዘጋጅ ወይዘሮ በርታ ፓልመር የሴቶችን ክፍል በሊቀመንበርነት መራች። የዓለም እንግዶችን በሆቴሉና በቤተ መንግሥቷ ተቀበለች። በዚያው ዓመት ግን አገሪቱን የኢኮኖሚ ድቀት መታት። ኤግዚቢሽኑ ሲዘጋ ክረምቱን ሥራ ያጡ ሰዎች በከተማው ማዘጋጃ ቤት ኮሪደሮች ላይ ያድሩ ነበር። የብር ዶላር የተነጠፈበት ወለልና የሰው ልጅ የተነጠፈበት ወለል በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይራራቁ ነበር።

የቀረው

ፖተር ፓልመር በግንቦት 4 ቀን 1902 እ.ኤ.አ.፣ 76 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ በዚያው ቤተ መንግሥቱ አረፈ። ስምንት ሚሊዮን ዶላር ያህል የሚገመተውን ሀብቱን ለባለቤቱ አወረሳት። እርሷም የዋዛ ሴት አልነበረችም። በፍሎሪዳ ግዛት ሰፊ መሬት ገዝታ በማልማት በ1918 እስክትሞት ድረስ ሀብቱን እጥፍ እንዳደረገችው ይነገራል። የሰበሰበቻቸው የፈረንሳይ ሠዓሊያን ሥራዎችም ዛሬ በቺካጎ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይታያሉ።

ታዲያ ከሰውየው ምን ቀረ? ሚሊዮን ዶላር የፈሰሰበት ቤተ መንግሥት በ1950 ፈርሶ በቦታው የመኖሪያ ፎቆች ተሠሩ። ሠርቶ ከተጠናቀቀ 65 ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም። በብር ዶላር ያጌጠውም ሆቴል በ1920ዎቹ ፈርሶ በሌላ ተተካ። አዲሱ ግን የፓልመርን ስም ይዞ እስከ ዛሬ ቆሟል። ከሱቁ የወጣው ማርሻል ፊልድ መደብር ስሙ በ2006 ወርዶ በሌላ ተለውጧል። ስቴት ጎዳና ሰፊ እንደሆነ አለ። መቃብሩም በግሬስላንድ መካነ መቃብር ውስጥ የግሪክ ቤተ መቅደስ መስሎ ቆሟል።

ከእነዚህ ሁሉ ግን ሩቅ የሄደው ምንም ድንጋይ ያልወጣበት ነገር ነው። አንዲት ስሟ የማይታወቅ ሴት አንድ ቀን ወደ ሌክ ጎዳና ሱቅ የገዛችውን ብትን ጨርቅ ይዛ ተመለሰች፤ ሻጩም ሳይገላምጣት ገንዘቧን ቆጥሮ ሰጣት። ያች ቀን በየትኛውም ታሪክ አልተመዘገበችም። ሆኖም የዛሬው ዘመን ገዢ ደረሰኙን ይዞ፣ አንገቱን ሳይደፋ ወደ ሱቅ የሚመለሰው በዚያች ቀንና መሰሎቿ ምክንያት ነው። ፓልመርም ከተማው ሁሉ ዐመድ በሆነበት ሰዓት የተበደረው በዚያች ቀን ላይ ተመርኩዞ ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ነጋዴ የሆነ ሁሉ ሆቴልና ጎዳና አይሠራም። ከባንኮኒው በላይ የለጠፋትን ማስታወቂያ ቀና ብሎ ማየት ግን ሁሉም ይችላል።